የአጋርን ቀለም መደገፍ፦ ተጋጣሚ ጣልቃ ሲገባ የትኛው ጥሪ ይሻላል?

ብሪጅ የተባለውን የካርታ ጨዋታ እየተጫወታችሁ ነው፤ አጋርዎ ጨረታውን በ1 ኸርት ከፈተ። በቀኝዎ ያለው ተጋጣሚ 1 ስፔድ ጠራ። እርስዎ ጋ አራት ኸርት አለ። እስካሁን ደስ ይላል። ጭንቁ የሚመጣው «ኸርትህን ወድጄዋለሁ» ለማለት ብቻ ቢያንስ አምስት ጥሪ መኖሩ ላይ ነው፦ 2 ኸርት፣ 3 ኸርት፣ 4 ኸርት፣ 2 ስፔድ፣ 4 ክለብ። አምስቱም ድጋፍ ናቸው፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ 1 ኸርትና 1 ስፔድ የሚከፈቱት ቢያንስ በአምስት ካርታ ነው ብሎ ይነሳል። ነጥብ አቆጣጠሩ የተለመደው ነው፦ ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1። ቀለም ስንል ስፔድን፣ ኸርትን፣ ዳይመንድን ወይም ክለብን ማለታችን ነው። ትራምፕ ደግሞ በጨረታው የተመረጠው፣ ሌሎቹን ቀለሞች የሚያሸንፈው ቀለም ነው።

መጀመሪያ ትራምፕ ይቆጠራል

ካርታውን አንስቶ በመጀመሪያ ነጥብ መደመር የብዙ ሰው ልማድ ነው። ተጋጣሚ ዝም ባለበት ጨረታ ይህ ብዙ አይጎዳም። ፉክክር ሲኖር ግን ሦስት ትራምፕ የያዘ 8 ነጥብና አራት ትራምፕ የያዘ 8 ነጥብ እንደ አንድ ሊታዩ አይገባም። አራተኛው ትራምፕ አጋርዎ የጎን ቀለም ተሸናፊ ካርታውን በደሚ (ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ በሚታየው እጅ) በኩል በትራምፕ የሚቆርጥበት አንድ ተጨማሪ ዕድል ነው። የተጋጣሚ ትራምፕ ተለቅሞ ካለቀ በኋላም ሁለቱም እጅ ላይ ትራምፕ እንዲተርፍ ያደርጋል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ የእናንተ ቀለም በረዘመ ቁጥር ለተጋጣሚዎች የሚቀራቸው ከዚያ ቀለም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የእነሱም ቀለም ረዥም ሊሆን ይችላል፣ ዝም ብለውም አይቀመጡም። ቦታውን ቶሎ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሁለታችሁ እጅ ያለው ትራምፕ 8 ከሆነ እስከ 2ኛው ደረጃ፣ 9 ከሆነ እስከ 3ኛው፣ 10 ከሆነ እስከ 4ኛው መሄድ ጥሩ መነሻ ነው። ደረጃ ማለት ከስድስት በላይ ስንት ትሪክ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርታ የሚጥልበት ዙር) እንደምታሸንፉ ቃል የምትገቡበት ቁጥር ነው። ነጥቡ የሚወስነው እዚያ ደረጃ በየትኛው መንገድ እንደምትደርሱ ነው፦ በቀጥታና በድካም (ደካማ እጅ ይዞ)፣ ወይስ በተጋጣሚው ቀለም በኩል በጉልበት።

አምስቱ ጥሪዎች፣ በአምስት እጅ

ጨረታው ያው ነው፦ አጋር 1 ኸርት፣ ተጋጣሚ 1 ስፔድ።

2 ኸርት፦ ስፔድ 8 6 2፤ ኸርት ኩዊን 7 4፤ ዳይመንድ ኪንግ ጃክ 5 3፤ ክለብ 10 9 4። ሦስት ትራምፕና 6 ነጥብ። ይህ ጥሪ ከ6 እስከ 9 ነጥብ ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰው «ትንሽ ነው፣ አሁን ፓስ ልበልና በኋላ እመለሳለሁ» ሲል ነው። ሲመለስ ጨረታው 2 ስፔድ ወይም 3 ስፔድ ደርሶ ይጠብቀዋል። ያኔ 3 ኸርት ቢል አጋሩ ድጋፉ ስንት ካርታ እንደሆነ፣ ለምን እንደዘገየም ማወቅ አይችልም። ስድስት ነጥብ የሚነገረው በጊዜው ነው።

3 ኸርት፦ ስፔድ 9 5 3፤ ኸርት ኪንግ 10 7 4፤ ዳይመንድ 6፤ ክለብ 10 8 7 5 2። ሦስት ነጥብ ብቻ፤ ነገር ግን አራት ትራምፕና ነጠላ ዳይመንድ አለ። ዝላዩ የድካም ጥሪ ነው፤ ሥራው መንገድ መዝጋት ነው። በግራ ያለው ተጋጣሚ በ2 ስፔድ ቀለል ብሎ ሊደግፍ የነበረውን አሁን 3 ስፔድ ይላል ወይም ይተወዋል፤ ሁለቱም ግምት ነው። ቫልነረብል ከሆናችሁ፣ ማለትም ቅጣቱ በሚከብድበት ሁኔታ ላይ ከሆናችሁ፣ ይህን እጅ እስከ 3ኛው ደረጃ ማውጣት ያስፈራል። በተለይ ነጠላው ባይኖርና እጁ 4-3-3-3 ቢሆን ፓስ ወይም 2 ኸርት ይሻላል። አጭር ቀለም የሌለው አራት ትራምፕ ግማሽ ጉልበቱ የለውም።

በዚህ ጥሪ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጥፋት ግን የእጅ ምዘና ስህተት አይደለም። አንደኛው አጋር 3 ኸርት ማለት ከ10 እስከ 11 ነጥብ ነው ብሎ ያስባል፣ ሌላኛው የድካም ጥሪ ነው ብሎ ይጠራል። ከፋቹ 15 ነጥብ ይዞ በደስታ 4 ኸርት ይላል፣ ደሚው ሲዘረጋ ሦስት ነጥብ ይገኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቀድመው አልተነጋገሩም እንጂ። የቆየው ስልት ዝላዩን ለጥንካሬ ይጠቀምበት ነበር፤ በፉክክር ጨረታ የድካም ዝላይ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ለጠንካራው እጅ ሌላ ጥሪ አለለት።

2 ስፔድ፦ ስፔድ 7 4፤ ኸርት ኤስ ጃክ 6 3፤ ዳይመንድ ኪንግ ኩዊን 8 5፤ ክለብ ጃክ 9 2። አስራ አንድ ነጥብ። የተጋጣሚን ቀለም መጥራት፣ ተጫዋቾች ኪውቢድ የሚሉት፣ «ድጋፍ አለኝ፣ 10 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይም አለኝ» ይላል። ስለ ስፔድ ምንም አይልም። አጋርዎ ደካማ መክፈቻ ከያዘ 3 ኸርት ብሎ ያቆማል፤ ተጨማሪ ካለው 4 ኸርት ይላል። ሦስት ትራምፕ ብቻ ይዘውም በዚህ ጥሪ መሄድ ይቻላል። ልብ ይበሉ፦ ኪውቢዱ 3 ኸርት እንድትደርሱ ያስገድዳል። ስለዚህ ሦስት ትራምፕ፣ 9 ነጥብና ጠፍጣፋ (አጭር ቀለም የሌለው) እጅ ይዞ «ትንሽ ልገፋፋው» ማለት ውድ ነው።

4 ኸርት፦ ስፔድ 4፤ ኸርት ኩዊን 10 8 6 3፤ ዳይመንድ ኪንግ 9 7 5 2፤ ክለብ 8 3። አምስት ነጥብ፣ አምስት ትራምፕ፣ ነጠላ ስፔድ። ሊያሟላው ይችላል፣ ሊወድቅም ይችላል፤ ቢወድቅ እንኳ ተጋጣሚዎች ብዙውን ጊዜ በስፔድ የራሳቸው ጌም (ጉርሻ የሚያስገኝ ጥሪ፣ እዚህ 4 ስፔድ) ነበራቸው። የጥሪው ጥበብ ማንም፣ አጋርዎም ጭምር፣ የትኛው እንደሆነ አለማወቁ ነው። ከዚህ በኋላ እርስዎ ሥራዎን ጨርሰዋል። ተጋጣሚ 4 ስፔድ ቢል 5 ኸርት የሚለው ወይም ደብል የሚያደርገው (የውድቀቱን ቅጣት የሚያሳድገው) አጋርዎ ነው።

4 ክለብ፦ ስፔድ ኤስ 7 4፤ ኸርት ኪንግ ኩዊን 8 3፤ ዳይመንድ ኪንግ ጃክ 6 5 2፤ ክለብ 4። ሁለት ደረጃ የዘለለ አዲስ ቀለም፣ ስፕሊንተር የሚባለው፣ በዚያ ቀለም ነጠላ ወይም ባዶ መሆንዎን፣ አራት ትራምፕና የጌም ጉልበት መያዝዎን በአንድ ቃል ይናገራል። አጋርዎ ክለብ ላይ ኪንግና ኩዊን ከያዘ ዋጋቸው እንደቀነሰ ያውቃል፤ ሦስት ተራ ክለብ ከያዘ ደግሞ ስላም (12 ወይም 13 ትሪክ መውሰድ) ማሰብ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን የሚተካው የለም።

እኩል ነጥብ፣ እኩል ያልሆነ እጅ

ሁለት እጅ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው፦ ስፔድ ኩዊን ጃክ 5፤ ኸርት 9 7 4፤ ዳይመንድ ኪንግ ጃክ 6 3፤ ክለብ ጃክ 8 2። ሁለተኛው፦ ስፔድ 8 5 2፤ ኸርት ኪንግ ኩዊን 4፤ ዳይመንድ ኪንግ 10 6 3፤ ክለብ 9 7 2። ሁለቱም 8 ነጥብ፣ ሁለቱም ሦስት ትራምፕ፣ ቅርጻቸውም አንድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱም 2 ኸርት ይላሉ።

ልዩነቱ የሚታየው ተጋጣሚ 2 ስፔድ ብሎ አጋርዎ 3 ኸርት ሲል፣ ከዚያም ተጋጣሚ 3 ስፔድ ሲደርስ ነው። አንደኛው እጅ የስፔድ ኩዊንና ጃክ ይዟል። እናንተ በኸርት ስትጫወቱ እነዚህ ካርታዎች የሚሠሩት ጥቂት ነው፤ እነሱ በስፔድ ሲጫወቱ ግን ትሪክ ሊወስዱ ይችላሉ። ይህ እጅ መከላከል ይፈልጋል። ሁለተኛው ነጥቡ በራሳችሁ ትራምፕና በጎን ቀለም ላይ ስለሆነ ለማጥቃት የተሠራ ነው። በተጋጣሚ ቀለም ውስጥ ያሉ ኩዊንና ጃኮችን ለድጋፍ ስትቆጥሩ ቅናሽ አድርጉባቸው፤ በአጋር ቀለም ያሉትን ደግሞ ዋጋ ጨምሩላቸው። ይህን አንድ ልማድ የያዘ ሰው በፉክክር ጨረታ ከሚሠራቸው ስህተቶች ብዙዎቹን ይተዋል።

3ኛው ደረጃ ላይ መቀጠል ወይስ መተው?

የጠቅላላ ትሪክ ሕግ የሚባለውን በጽሑፍ ያቀረበው ፈረንሳዊው ዣን ሬኔ ቬርን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካው ብሪጅ ወርልድ መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ ሰፊ አንባቢ አገኘ። አሜሪካዊው ተጫዋች ላሪ ኮኸን ደግሞ በ1990ዎቹ ለተራው ተጫዋች መሣሪያ አደረገው። አሳቡ አጭር ነው፦ የእናንተ ትራምፕ ብዛትና የተጋጣሚዎች ትራምፕ ብዛት ሲደመር፣ ሁለቱም ወገን በየራሱ ቀለም ቢጫወት ከሚያገኘው ትሪክ ድምር ጋር ይቀራረባል።

በቁጥር እንየው። እናንተ 9 ኸርት፣ እነሱ 8 ስፔድ አላቸው፤ ድምሩ 17። ተጋጣሚ 2 ስፔድ ላይ ነው፣ ማንም ቫልነረብል አይደለም። 3 ኸርት ልበል?

ትሪኩ 9 ለእናንተ፣ 8 ለእነሱ ከሆነ 3 ኸርት 140 ያስገኛል፤ ብትተዉት እነሱ 110 ይወስዳሉ። 8 ለእናንተ፣ 9 ለእነሱ ከሆነ በአንድ ወድቃችሁ 50 ትከፍላላችሁ፤ ብትተዉት ግን 140 ይሄድ ነበር። 10 ለእናንተ፣ 7 ለእነሱ ከሆነ 170 ታገኛላችሁ፤ ብትተዉት 50 ብቻ። በሦስቱም መጥራት ይሻላል። የሚያስቆጨው 7 ለእናንተ፣ 10 ለእነሱ ሆኖ ደብል ሲደረግባችሁ ብቻ ነው፦ 300 ትከፍላላችሁ፤ ብትተዉት 170 ነበር።

አሁን ሌላ ሁኔታ። እናንተ 8 ስፔድ፣ እነሱ 8 ዳይመንድ፤ ድምሩ 16። ተጋጣሚ 3 ዳይመንድ ላይ ነው። 3 ስፔድ ብትሉና ትሪኩ 8 ለ8 ቢሆን በአንድ ትወድቃላችሁ፣ 50 ይከፈላል፤ ብትተዉት የሚወድቁት እነሱ ነበሩ። የ100 ነጥብ ልዩነት በአንድ ቃል ጠፋ። ሁለቱም ወገን ቫልነረብል ከሆነ ልዩነቱ 200 ይሆናል። 9 ለ7 ሆኖላችሁ ብታሟሉ እንኳ ትርፉ 40 ነው፦ 140 በ100 ፋንታ። ስለዚህ 2ኛ ደረጃ ላይ ባሉ ተጋጣሚዎች ላይ 3 መጥራት ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ በ8 ትራምፕ 3ኛ ደረጃ ላይ ባሉ ተጋጣሚዎች ላይ 3 መጥራት ግን ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። ያንን ለማድረግ ዘጠነኛው ትራምፕ ያስፈልጋል።

ሕጉ ግን አማካይ ነው። የብሪጅ ጸሐፊዎቹ ማይክ ሎውረንስና አንደሽ ቪርግረን በ2000ዎቹ ይህን በመቃወም ቅርጽና አጭር ቀለም የበለጠ ይመዝናሉ ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ረዥም ቀለም ሲኖራቸው ትሪኩ ከድምሩ ይበልጣል። እያንዳንዱ በሌላው ቀለም ኩዊንና ጃክ ሲይዝ ደግሞ ያንሳል። ከላይ ያየነው የስፔድ ኩዊንና ጃክ የያዘው እጅ አንድ ትራምፕ እንደጎደለው አድርጎ መቁጠር መጥፎ ማስተካከያ አይደለም።

ተጋጣሚ ስፔድ ሳይሆን ደብል ሲል

1 ኸርት፣ ደብል፣ እርስዎ። ይህ ደብል ለቅጣት ሳይሆን አጋሩ ቀለም እንዲመርጥ የሚጠይቅ ነው። የተጋጣሚ ቀለም ስላልተጠራ ኪውቢድ የለም። ስለዚህ የጠንካራው ድጋፍ ቦታ 2 ኖትራምፕ (ቃሉ «ያለ ትራምፕ» ማለት ነው) ይሆናል፤ ጆርዳን ወይም ትራስኮት በሚሉት ስም ይታወቃል፤ አራት ትራምፕና 10 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሦስት ትራምፕና 10 ነጥብ ካለዎት በቅድሚያ ሪደብል (በተጋጣሚ ደብል ላይ የሚደረግ ሁለተኛ ደብል) ብለው በሚቀጥለው ዙር ኸርቱን ይደግፋሉ። 3 ኸርት እንደገና የድካም ዝላይ ነው። 2 ኸርት ደግሞ ከተለመደው ትንሽ ቀለል ብሎ ሊጠራ ይችላል፤ 5 ነጥብና ሦስት ጥሩ ትራምፕ በቂ ነው፣ ምክንያቱም ደብል ያደረገው ሰው አጋር በ1ኛው ደረጃ እንዳይናገር ይዘጋል።

ደብሉን ተከትሎ ሪደብልን ለሁሉም 10 ነጥብ መጠቀም አሮጌ ልማድ ነው። አራት ትራምፕ ያለው እጅ በሪደብል ከጀመረ ተጋጣሚ 3 ስፔድ ዘልሎ ሲመጣ ከፋቹ ድጋፍ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ይወስናል።

አጋር ከፋች ሳይሆን ጣልቃ ገቢ ሲሆን

ተጋጣሚ 1 ዳይመንድ ከፈተ፣ አጋርዎ 1 ስፔድ አለ፣ ቀጣዩ ፓስ። እዚህ ሚዛኑ ይለወጣል። ከፋች 12 ነጥብ አካባቢ ቃል ገብቷል፤ በ1ኛው ደረጃ ጣልቃ የገባ ሰው ግን 8 ነጥብም ሊኖረው ይችላል፣ 16ም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ጉልበት ያለው ደጋፊ መጠየቅ አለበት፣ ጥያቄውም ኪውቢድ ነው፦ 2 ዳይመንድ። አጋር ደካማ ከሆነ 2 ስፔድ ብሎ ይመልሳል፣ እዚያው ላይ ታቆማላችሁ። በ11 ነጥብ በቀጥታ 3 ስፔድ ከማለት ይህ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ለመቆም በር ይተዋል።

2 ስፔድ ሦስት ትራምፕና ከ6 እስከ 9 ነጥብ ነው። 3 ስፔድ አራት ትራምፕና ድካም ነው። በመካከል ያለው፣ አራት ትራምፕ፣ ከ7 እስከ 9 ነጥብና አጭር ቀለም ያለው እጅ፣ ለእርሱ የተሰጠ ጥሪ ካልተገኘለት ወይ ይጋነናል ወይ ይደበቃል። ብዙ ጥንዶች የተጋጣሚን ቀለም በዝላይ መጥራትን፣ እዚህ ላይ 3 ዳይመንድን፣ ለዚህ እጅ ያስቀምጡታል። ልምምድ ላይ ላሉ ጥንዶች ግን ይህን ለጊዜው መተው ምንም አያጎድልም። ኪውቢድና የድካም ዝላይ ሳይደባለቁ ቢያዙ ይበቃል።

ሦስት ወይስ አራት? የድጋፍ ደብል

አጋርዎ የጠራው ቀለም አራት ካርታ ብቻ ሊሆን ሲችል ጥያቄው ይከብዳል። እርስዎ 1 ዳይመንድ ከፈቱ፣ አጋርዎ 1 ኸርት አለ፣ ተጋጣሚ 1 ስፔድ አለ። ሦስት ኸርት ይዘው 2 ኸርት ቢሉ ጠቅላላው ሰባት ብቻ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ኤሪክ ሮድዌል የፈጠረው የድጋፍ ደብል መልሱ ይህ ነው፦ ደብል ሦስት ካርታ በትክክል፣ 2 ኸርት አራት ካርታ። አጋርዎ ከዚያ በኋላ የጠቅላላ ትሪክ ሕጉን በእርግጠኛ ቁጥር ይጠቀማል።

ዋጋውም አለ። በዚያ ቦታ ተጋጣሚን ለመቅጣት ደብል ማድረግ አይቻልም። በ1ኛው ደረጃ የሚገኝ ቅጣት ብርቅ ስለሆነ ልውውጡ ያዋጣል። ግን ሁለታችሁም ማስታወስ አለባችሁ። አንዱ ደብሉን እንደ ቅጣት ወስዶ ፓስ ያለ ቀን ተጋጣሚዎች 1 ስፔድን በደብል ያሟሉታል።

መስዋዕት ጥሪ

ተጋጣሚ 4 ኸርት ላይ ነው፤ 4 ስፔድ ብለው በደብል ቢወድቁ ያዋጣል? መልሱ ያለው በቫልነረብልነት ላይ ነው። ቫልነረብል ላልሆነ ወገን የደብል ቅጣት 100፣ 300፣ 500፣ 800 እያለ ይሄዳል፤ ለቫልነረብል 200፣ 500፣ 800፣ 1100። የእነሱ ጌም ቫልነረብል ባይሆኑ 420፣ ቢሆኑ 620 ነው። ስለዚህ እነሱ ቫልነረብል እናንተ ካልሆናችሁ በሦስት መውደቅ እንኳ ትርፍ ነው፤ ሁለቱም ወገን ካልሆነ እስከ ሁለት፤ ሁለቱም ከሆነ እስከ ሁለት፤ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ በአንድ ብቻ። የመጨረሻው ሁኔታ ላይ ማሰብ እንኳ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጌማቸው የሚሟላ ከሆነ ነው። የተጋጣሚ ጌም ሊወድቅ ሲል መስዋዕት መክፈል ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ የዚህ ዋናው ምልክት ደግሞ ያው ነው፦ በእነሱ ትራምፕ ውስጥ ኩዊን 10 ተከትሎት ከያዙ ይቀመጡ።

ጥሪው በቃል ብቻ አይደለም

ረዥም አስቦ ፓስ ማለት ለአጋር «ጥቂት ነገር አለኝ» ብሎ መናገር ነው፤ አጋር በዚያ ላይ ተመሥርቶ 3 ኸርት ቢል ዳኛው ውጤቱን ሊያስተካክለው ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ደጋፊው በመጀመሪያው ዙር ሙሉ እጁን መናገሩ ነው። አንዴ 3 ኸርት ብለው ድካምዎን ከነገሩ ተጋጣሚ 3 ስፔድ ሲል ውሳኔው የአጋርዎ ነው፤ በእርስዎ እጅ የተደበቀ አዲስ ነገር የለም። ያንኑ እጅ ይዞ ደግሞ 4 ኸርት የሚል ሰው አጋሩ ያሰበውን ደብል ይቀማል፤ ብዙ ጊዜም ያ ደብል 500 ያስገኝ ነበር።

ተጋጣሚ ከጠየቀ፣ በተቆጣጣሪው ደንብ መሠረት ማስታወቅ የሚያስፈልግ ከሆነም ሳይጠየቅ፣ 2 ኖትራምፕ አራት ትራምፕ መሆኑን ወይም ዝላዩ ድካም መሆኑን አጋር መግለጽ አለበት፤ ጠሪው ራሱ አይገልጽም።

ወደ ጠረጴዛው ከመቀመጣችሁ በፊት አጋርዎን አራት ነገር ይጠይቁት፦ ከኦቨርኮል (ከተጋጣሚ ጣልቃ ጥሪ) በኋላ 3 ኸርት ድካም ነው ወይስ ጥንካሬ? ከደብል በኋላ 2 ኖትራምፕ ምንድን ነው? የድጋፍ ደብል እንጫወታለን ወይ፣ እስከ የትኛው ጥሪ ድረስ? ኪውቢዱ ሦስት ትራምፕ ይበቃዋል? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አጋርዎ «እንደ ሁኔታው» ካለ፣ ጨረታው ሳይጀመር መልሱ ላይ ይስማሙ።